ስለ አባባ በገና

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼህ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

አባባ በሁዳዴ በገና ሲደረድሩ የቀረጽነው ሁሉ አንተ ትተህልኝ በሄድኸው ራስፕቤሪ ፓይ 5፣ በዚያች ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ነበር። በክረምት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰንብቶ አንድ ማታ ካርዱ መነበብ አቆመ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ይህን በምን አፌ ልንገርህ? ብዕር አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ዘንድሮ ግን እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ በሚሞሪ ካርድ ላይ አላኖርም ብዬ ተነሣሁ። ከቦርዱ ጠርዝ ላይ ያለችው ቀጭን የሪባን ገመድ መሰኪያ የፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለት ፈጣን ተጨማሪ ዕቃ የሚገናኝበት፣ መውጫ ናት፤ ያላትም አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ሁለት ነገር ነበር፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ዲስክና የዋይፋይ ካርድ። የቦርዱ የራሱ ዋይፋይ የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ አልፎ እናቴ ቤት አይደርስም። ስለዚህ መስመሩን ለሁለት የሚያካፍል ቺፕ ያለበት፣ ኤም.2 የሚባል ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ሰሌዳ አስመጣሁ። በሰከንድ እስከ 500 ሜጋባይት የሚደርሰውን ፍጥነት ሁለቱ ይካፈሉታል፤ ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ያስቸገረኝ ዋይፋዩ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ካርድ ገዛሁ፤ ልክክ ብሎ ገባ፤ ቦርዱ ግን ጨርሶ አላየውም። ሁለት ቀን ሙሉ ሪባኗን ስነቅልና ስሰካ ዋልሁ። ለካ የእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ሥራ ገሚሱ ያለው በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ውስጥ ነው! በራሱ በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራ ካርድ ስተካበት ወዲያው ታየ። አንተም ከሠራህ ይህን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ። የኃይል መስጫውም ባለ 5 ቮልት 5 አምፔር ይሁን። ሪባኗ በ16ቱም መገናኛዎች ካልተቀመጠች፣ ጥቂት እንኳ ከተጣመመች፣ ኤስኤስዲውም አይታይም።

አሁን ቦርዱ የሚነሣው ከኤስኤስዲው ነው፤ ያለኝን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይም እገለብጣለሁ። እናቴም ምድር ቤት ሆና በስልኳ መዝሙር ትሰማለች። የአባባ ማኅደር ግን ባዶ ነው፤ ስሙን ብቻ ጽፌበታለሁ።

አባባን በቀረጽንበት ዕለት ማታ አንተም ስልክህን ከመሶቡ አስደግፈህ ስትቀርጽ አይቻለሁ። አሮጌው ስልክህ ካለ እባክህ ፈልገው። አባባ መሃል ላይ አቁመው በየአውታሩ ሥር ያሉትን እንዝራዎች ያስተካከሉበት ቦታ ነበር፤ ቁራጭ ቆዳዋን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው አውታሩን ሲነኩት ያ ነዛሪ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እሷን ብቻ እንኳ ብታገኝ ላክልኝ።

ወንድምህ