ለእህቴ፣ ስለ ራጁ ፎቶ

ፍራንክፈርት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣ ቡሬ

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መፀነስ ስላልቻልሽ የተነሣሽውንና በስልክ የላክሽልኝን የማህፀንና የእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦዎች የራጅ ፎቶ ደጋግሜ ካየሁት በኋላ እዚህ ለምታክመኝ ሐኪም አሳየኋት። «ቱቦዎችሽ ተዘግተዋል» ተብሎ በአጭሩ የተነገረሽ ለካ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በግራ በኩል፣ ቱቦው በራጅ እንዲታይ በማህፀንሽ የገፉት መድኃኒት እስከ ጫፍ ደርሶ እንደ ተነፋ ስልቻ ተጠራቅሟል፤ ጫፉ ተጣብቆ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው። በቀኝ በኩል ግን ገና ከማህፀን እንደወጣ ቆሟል፤ እንዲህ ያለው አንዳንዴ በምርመራው ሰዓት ጡንቻው ተኮማትሮ እንጂ በእርግጥ ተዘግቶ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሬዎቹን ሸጣችሁ ለቀዶ ሕክምና ለመሄድ መጣደፋችሁን አልወደድሁትም።

የእኔን ነገር ለእማዬ ሸሽጌ ኖሬአለሁ፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንቁላል ያስወጣል የተባለ ክኒን ስውጥ ቱቦዬን ልመርምር ያለ ሐኪም አልነበረም። በመጨረሻ ሆዴን በጋዝ ነፍተው፣ በእምብርቴ በኩል ካሜራ አስገብተው፣ በማህፀኔ ሰማያዊ ቀለም እየገፉ በቱቦው ጫፍ መፍሰስ አለመፍሰሱን አዩ። ከቁስሉ ይልቅ ያሠቃየኝ ጋዙ ያመጣብኝ የትከሻ ውጋት ነበር፤ ሽንቴ አረንጓዴ ሆኖ ሳየውማ፣ ከቀለሙ እንደሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ፣ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። የቀኙን ጫፍ ከፍተው እንደ እጅጌ ወደ ውጭ ቀልብሰው ሰፉት። የግራው ግድግዳው ተበላሽቶ ስለነበር ቆርጠው አወጡት፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ማህፀን እየፈሰሰ በላቦራቶሪ የተዘጋጀውን ጽንስ እንኳ እንዳይጣበቅ ያደርጋልና።

ከስምንት ወር በኋላ አረገዝሁ፤ ጽንሱ ግን እዚያው በተከፈተው ቱቦ ውስጥ ቀረ። ቱቦው ቢከፈትም በውስጡ እንቁላሉን የሚገፋው ስስ ፀጉር ከተጎዳ አይመለስም። አንቺም ብትታከሚና የወር አበባሽ ቢዘገይ ወዲያው ተመርምረሽ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም ወይም ራስን የሚያስት ድካም ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።

አማትሽ የሚሉትን በልብሽ አታኑሪ። ጽንሱ በወረደብሽ ጊዜ ያሳደረብሽ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ለዚህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ምልክት ሳያሳይ ቱቦ የሚያቆስል በሽታም አለ፣ ያም ሲገኝ ባልና ሚስት አብረው ይታከማሉ። የሳንባ ነቀርሳው ጀርም ማህፀንና ቱቦን ይዞ እንደሆነም ይጠይቁልሽ፤ በዚያ ለተበላሸ ቱቦ ቀዶ ሕክምና እምብዛም አይረዳም። ጠበሉን አትተዪ፣ ሐኪሙንም እንዲሁ።

ግራው ካልዳነ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ተፀንሳ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ እናት ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ፤ በአገራችንም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና በ2011 ዓ.ም. ጀምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነውና ሁለቱንም አመዛዝነሽ ለመምረጥ ጊዜ አለሽ፤ ብዙ ግን አታቆዪው።

አስቀድሞ ግን ባለቤትሽ የዘር ምርመራ ያድርግ። እንደሚያፍር አውቃለሁ፤ የእርሱ ሳይታወቅ የአንቺን ሆድ መክፈት ግን ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በእጃችሁ ሲገባ ጻፊልኝ፤ ለካሜራው ምርመራ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በማግስቱ እልካለሁ፣ በሬዎቹም ለክረምቱ እርሻ ይቆዩ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ደህና ናት በያት።

እህትሽ