ስለ ሰጡኝ ስም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰሞኑን የልጅ ልጅዎ «የአባታችሁን ስም ትርጉም ጠይቃችሁ ኑ» ተብሎ ከትምህርት ቤት ቢመጣ፣ እርስዎ በልጅነቴ እንደ ነገሩኝ «የመቅደላው ንጉሥ ስም ነው» ብዬ መለስሁለት። «ንጉሡስ ከማን ወሰዱት?» ሲለኝ ግን አፌን ያዝሁ፤ ማገላበጥም ጀመርሁ።

ቴዎድሮስ ከግሪክኛ የመጣ ስም ሲሆን «ቴዎስ» አምላክ፣ «ዶሮን» ስጦታ ማለት ነው። (ልጁ «ዶሮን» ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ።) ሀብተ ማርያም በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ሀብት» በግእዝ ስጦታ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ በእኛም ዘንድ ዘመድ አለው። ሩሲያውያን ያንኑ ስም ፊዮዶር ይሉታል። ወደ እኛ ያደረሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በስሙ የሚታሰቡት ሰማዕታት ወታደሮች ነበሩና ለጦረኛ ንጉሥ መስማማቱ አያስደንቅም። የዐፄ ዳዊት ልጅ ቀዳማዊ ቴዎድሮስም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ነግሠውበታል።

የቋራው ካሳ ኃይሉ ግን ስሙን የወረሱት ከአባት ሳይሆን ከትንቢት ነው። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍትሕ እንደሚገዛ ይናገር ስለነበር፣ ተቀናቃኛቸው የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ ካሳ መባልን ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ፍጻሜያቸው ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር፤ ስማቸው ስጦታ፣ መሞቻቸውም ስጦታ።

በእኛ ዘመን ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሳሁን የንጉሡን ሁለቱንም ስሞች በራሱና በአባቱ ስም አጣምሮ መያዙን ልጁ ራሱ ነው ያስተዋለው፤ እኔ ይህን ያህል ዓመት ዘፈኑን ስሰማ ልብ አላልሁትም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ሁልጊዜ ስሙን ለንጉሡ ክብር እንዳወጡልኝ ይነግሩኛል፤ እናቴ ግን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ አጥታ ስትጨነቅ ኖራ በስለት እንደ ወለደችኝ ነበር የምትነግረኝ። ስሙን ያወጣው ከሁለታችሁ ማን ነበር?

መልስዎን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ቴዎድሮስ