ለደንበኞቻችን፦ የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹ ምን ሰጡ፣ ምን አልሰጡም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከርመዋል? በዚህ ደብዳቤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2022 ወዲህ ከሰጣቸው ውሳኔዎች ውስጥ የባንክ ሒሳብዎን፣ ደመወዝዎን፣ ቤትዎንና ንግድዎን የሚነኩትን እናስረዳለን። ውሳኔዎቹ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሲዞሩ ግማሻቸው መንገድ ላይ ይቀርና «ቅጣቱ ቀርቷል»፣ «ቀነ ገደቡ ተነሥቷል» ሆነው ይደርሳሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኛ የታክስና የሒሳብ ሠራተኞች እንጂ ጠበቆች አይደለንም፤ ክስ የሚያስከትል ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ። ቀናቱና ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የባንክ ሒሳብ

ብዙ ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንጀምር። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ለታክስ ነዋሪ የሚባል ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ከበለጡ ኤፍባር የሚባለውን ፎርም 114 ማስገባት አለበት። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፤ ካለፈ ሳይጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ፎርሙ ከታክስ ሪተርኑ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ለብቻው በኢንተርኔት ለግምጃ ቤቱ የፊንሴን መሥሪያ ቤት ይላካል። «ታክሴን ሠርቻለሁ እኮ» የሚሉ ደንበኞች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ውሳኔው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 የተሰጠው የቢትነር ጉዳይ ነው። ሩማንያ ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ነጋዴ የአምስት ዓመት ኤፍባር በጊዜው አላስገባም ነበር። መንግሥት በየዓመቱ ያሉትን ሒሳቦች አንድ በአንድ ቆጥሮ 272 ላይ ደረሰና ለእያንዳንዱ 10,000 ዶላር፣ በድምሩ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ቅጣቱ የሚቆጠረው ባልገባው ፎርም ልክ እንጂ በሒሳቡ ብዛት አይደለም አለ። አምስት ፎርም፣ 50,000 ዶላር።

ስለዚህ ቅጣቱ አልቀረም፤ አቆጣጠሩ ተለወጠ እንጂ። 10,000 የነበረው ጣሪያም ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እየተስተካከለ አሁን ከ16,000 ዶላር በላይ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ውሳኔው የሚሠራው ሆን ብሎ ላልደበቀ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሆን ተብሎ ከተባለ ቅጣቱ ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ ጣሪያ ወይም የሒሳቡ ግማሽ፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ሊደርስ ይችላል። «ሆን ተብሎ» ለማለት ደግሞ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የታክስ ሪተርንዎ ስኬጁል ቢ ላይ «ውጭ አገር ሒሳብ አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው። እያለ «የለም» ብሎ መፈረም ፎርሙን ከመርሳት በጣም የከፋ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሒሳብ በዓመቱ ውስጥ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን ይያዙ፤ በዓመቱ መጨረሻ የቀረውን አይደለም። ያንን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዲሴምበር 31 ባወጣው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለውጡ፤ ከዚያ ሁሉንም ይደምሩ። ለኮንዶሚኒየም ክፍያ በፌብሩዋሪ 1,200,000 ብር አስገብተው በዲሴምበር 40,000 ብር ቢቀርዎት የሚታየው 1,200,000ው ነው። ምንዛሪው 56 ብር በሆነበት ዓመት ይህ ከ21,400 ዶላር በላይ ይሆናል፤ 125 ብር በሆነበት ዓመት ግን 9,600 ዶላር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ የብር ሒሳቦች ከ10,000 ዶላሩ ወለል በታች ወርደዋል። ያለፉት ዓመታት ግዴታ ግን ከምንዛሪው ጋር አብሮ አይጠፋም። የዶላር የዳያስፖራ ሒሳብ ካለዎትም ይደመራል።

ሰዎች የሚረሷቸው ሁለት ሒሳቦች አሉ። አንደኛው ከወንድም ወይም ከእህት ጋር በጋራ የተከፈተው ነው፤ ድርሻዎ ግማሽ ቢሆንም የሚጽፉት ሙሉውን መጠን ነው። ሁለተኛው በውክልና የሚያንቀሳቅሱት የእናት ወይም የአባት ሒሳብ ነው። ገንዘቡ የእርስዎ ባይሆንም ባንኩ በእርስዎ ፊርማ የሚከፍል ከሆነ ሪፖርት ይደረጋል። በስምዎ የያዙት የኢትዮጵያ ባንክ አክሲዮን ግን ለኤፍባር እንደ ሒሳብ አይቆጠርም። የሚመጣው ከታክስ ሪተርኑ ጋር በሚገባው የውጭ ንብረት መግለጫ፣ በፎርም 8938 ላይ ነው፤ አሜሪካ ለሚኖር ያላገባ ሰው ወለሉ በዓመቱ መጨረሻ ከ50,000 ዶላር በላይ ወይም በማንኛውም ቀን ከ75,000 በላይ ሲሆን፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት እጥፍ ነው።

ያለፈ ዓመት የቀረብዎት ካለ፣ ወለዱን በታክስዎ አስገብተው ፎርሙ ብቻ ከሆነ የቀረው፣ ለምን እንደዘገየ ማብራሪያ ጨምሮ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅጣት ያልቃል። ወለዱም ካልገባ ስትሪምላይንድ የሚባለው መንገድ አለ፤ የሦስት ዓመት የተስተካከለ ታክስ፣ የስድስት ዓመት ኤፍባር፣ አሜሪካ ለሚኖሩም 5 በመቶ ቅጣት። ሁለቱም መንገዶች የሚሠሩት አይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ምርመራ ሳይጀምር ነው። ደብዳቤ ከደረሰዎት በኋላ «በፈቃዴ አስገባሁ» ማለት አይቻልም።

ከአይአርኤስ የሚመጣ ቀን ያለበት ደብዳቤ

ኤፕሪል 21 ቀን 2022 በተወሰነው የቤክለር ጉዳይ፣ በሰሜን ዳኮታ ፋርጎ ያለ አንድ የሕግ ቢሮ ለታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታውን የላከው 30 ቀኑ ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ነበር። ዘጠኙም ዳኞች ቀኑ ማለፉ ብቻውን የፍርድ ቤቱን በር አይዘጋም፣ በቂ ምክንያት ካለ ሊታይ ይችላል አሉ። ይህ ግን የሚመለከተው ንብረት ወይም ደመወዝ ከመያዙ በፊት አይአርኤስ አቤቱታዎን ሰምቶ ከወሰነ በኋላ የሚመጣውን የ30 ቀን ቀነ ገደብ ነው። በብዛት የሚደርስዎት ግን ሌላ ነው፤ ተጨማሪ ታክስ እንዳለብዎት የሚገልጸው የ90 ቀን ማስታወቂያ። በእሱ ላይ ፍርድ ቤቶቹ አልተስማሙም። ፔንሲልቬንያን፣ ኒው ጀርሲንና ዴላዌርን የሚይዘው የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ያው አስተሳሰብ ለ90 ቀኑም ይሠራል ብሏል፤ የታክስ ፍርድ ቤቱ ራሱ ግን በ2022 አይሠራም ብሎ ነበር። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ 90 ቀኑን እንደ ብረት አጥር ይቁጠሩት።

ለአይአርኤስ ስልክ መደወል፣ ሰነድ በፋክስ መላክ ወይም «እያየነው ነው» የሚል መልስ ማግኘት ቀኑን አያራዝመውም። የመጨረሻው ቀን በማስታወቂያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሞ ይገኛል። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ ሰርቲፋይድ ሜይል ይጠቀሙና ማኅተም የተመታበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ በጊዜው መላክዎ የሚረጋገጠው በእሱ ነው። የታክስ ፍርድ ቤቱ ክፍያ 60 ዶላር ሲሆን በኢንተርኔትም ማስገባት ይቻላል። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄዱ ሰው ከሆኑ ፖስታዎን የሚከፍት ሰው ይተዉ። አድራሻ ከቀየሩ ፎርም 8822 ይሙሉ፤ ማስታወቂያው በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻዎ ከተላከ ባይደርስዎትም ቀኑ ይቆጠራል።

ሠራተኛ ላላቸው፦ ኦቨርታይም

ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 የተወሰነው ጉዳይ ከዚሁ ከዋሽንግተን አካባቢ የተነሣ ነው። አንድ የምግብ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኞቹን «ከቢሮ ውጭ የሚሸጡ ስለሆኑ ኦቨርታይም የላቸውም» ብሎ ተከራከረ። የአራተኛው ወረዳ ፍርድ ቤት አሠሪው ይህን ከተለመደው በጠነከረ ማስረጃ ያስረዳ ሲል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ተራው የፍትሐ ብሔር መመዘኛ ይበቃል አለ። ለአሠሪ ትንሽ ቀለል ብሏል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን ዛሬም የአሠሪው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ለሬስቶራንትና ለገበያ ባለቤቶች የሚከተለው ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 2024 የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ኦቨርታይም ላለመክፈል በሚያስፈልገው የደመወዝ ወለል ላይ ያደረገውን ጭማሪ በመላ አገሪቱ ሰርዞታል፤ ስለዚህ በፌዴራል ደረጃ ወለሉ በሳምንት 684 ዶላር ነው። ብዙዎች ይህን «ከ684 በላይ ከከፈልኩ ኦቨርታይም የለብኝም» ብለው ይረዱታል። ስሕተት ነው። ደመወዝ ብቻውን አያስቀርም፤ ሥራውም የአስተዳደር ወይም የሙያ ሥራ መሆን አለበት። ወጥ ሠሪ «ማናጀር» ተብሎ ቢጠራም ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ከሆነ ወጥ ሠሪ ነው።

በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው በሳምንት 52 ሰዓት ከሠራ 800 ዶላር ለ40ው፣ 360 ለ12ቱ (በአንድ ተኩል ዋጋ)፣ በድምሩ 1,160 ይገባዋል። 52ቱንም በ20 አባዝተው 1,040 ከሰጡት በየሳምንቱ 120 ዶላር ይጎድላል። በሁለት ዓመት 12,480 ነው፤ ሕጉ እጥፍ ስለሚያስከፍል 24,960፣ የጠበቃ ወጪ ሳይጨምር። ሆን ተብሎ ከተባለ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ሦስት ዓመት ነው። የሰዓት መዝገብ ከሌለዎት ፍርድ ቤቱ የሠራተኛውን ግምት ሊቀበል ይችላል። ፔይሮል ሦስት ዓመት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት ሁለት ዓመት ያስቀምጡ። የዲሲና የሜሪላንድ ሕግ ከዚህ ሊከብድ ይችላል።

በዓልና የጸሎት ቀን

ጁን 29 ቀን 2023 የተወሰነው ግሮፍ የተባለው የፔንሲልቬንያ ፖስታ አዳይ ጉዳይ እሑድ አልሠራም በማለቱ የተነሣ ነው። ከ1977 ጀምሮ አሠሪ ጥቂት እንኳ ወጪ ካስከተለበት የሠራተኛውን የሃይማኖት ጥያቄ ሊከለክል ይችል ነበር። አሁን ግን ከንግዱ ሁኔታ አንጻር ከባድ ሸክም መሆኑን ማሳየት አለበት። የባልደረቦች ማጉረምረም ብቻውን አይበቃም። የፌዴራሉ ሕግ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ላለው ይሠራል፤ በዲሲ ግን ለአንድ ሠራተኛም ይሠራል።

ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቀኑንም በፈረንጆቹ ይጻፉ። «ለፋሲካ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው የሚያየው የእነሱን ፋሲካ ነው። ለጁምዓ ከሆነ የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ይጥቀሱ፤ ሰዓቱን የሚተኩበትንም ሐሳብ ይጨምሩ።

ለሾፌሮች

በ2024 ኤፕሪል ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ በክፍለ ግዛቶች መካከል ዕቃ የሚያጓጉዝ ሾፌር ድርጅቱ የትራንስፖርት ባይሆንም (ጉዳዩ የዳቦ አከፋፋዮች ነበር) በፌዴራሉ የግልግል ሕግ ወደ ግልግል (ከፍርድ ቤት ውጭ በገላጋይ ወደ መዳኘት) ሊገደድ አይችልም አለ። በ2019 ደግሞ ይህ ለ1099 ሠራተኞችም (ተቀጣሪ ሳይሆኑ በኮንትራት ለሚሠሩ) እንደሚሠራ ወስኖ ነበር። የጭነት መኪና ለምትነዱ ይጠቅማል። የክፍለ ግዛቱ የግልግል ሕግ ግን አሁንም ሊያስገድድ ስለሚችል ውሉን ጠበቃ ያንብበው። ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች አይመስለንም፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ በተደጋጋሚ ሥራቸው በአብዛኛው የከተማ ውስጥ ነው ብለው ከልክለዋል። ለእናንተ የሚረዳው ውሉ ውስጥ ከግልግል መውጫ ቀን ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጽፎ መላክ ነው።

የቤት ግብር

በሚኒሶታ ሄነፒን ካውንቲ አንዲት አረጋዊት 15,000 ዶላር ገደማ የንብረት ግብርና ቅጣት ስለነበረባቸው ቤታቸው በ40,000 ተሸጠ፤ ካውንቲው ትርፉን 25,000ም ያዘ። ሜይ 25 ቀን 2023 ዘጠኙም ዳኞች ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አሉ። ትርፉን ለማግኘት ግን ብዙ ቦታ በቀነ ገደብ ማመልከት ያስፈልጋል። ከደንበኞቻችን ለዚህ የሚጋለጡት ሞርጌጁን ከፍለው የጨረሱት ናቸው፤ እስከዚያ ባንኩ ከኤስክሮው (ከሞርጌጁ ጋር ለግብር ከሚያጠራቅመው ገንዘብ) ይከፍልላቸው የነበረው ግብር ከዚያ በኋላ በቀጥታ ወደ እነሱ ይመጣል። ብድርዎን በጨረሱ ወር ካውንቲው ትክክለኛ አድራሻዎን መያዙን ያረጋግጡ።

በሽርክና ለሚሠሩ አንድ ቃል እንጨምር። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2023 ፍርድ ቤቱ የሥራ ሸሪክ በማታለል ያመጣው ዕዳ፣ እርስዎ ባያውቁም፣ በኪሳራ ፋይል ላይጠፋልዎት እንደሚችል ወስኗል። ከጓደኛ ጋር ሱቅ ሲከፍቱ ማን ምን መፈረም እንደሚችል በወረቀት ይስፈር፤ የባንክ ስቴትመንቱም ለሁለታችሁ ይምጣ።

የኢሚግሬሽን ውሳኔዎችን ሆን ብለን አልነካንም። ለእነሱ ወደ ጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ወዳለው ተወካይ ይሂዱ፤ ኖታሪ ፈቃድ ያለው ተወካይ አይደለም።

ለኤፍባር ቀጠሮ ሲመጡ ከየባንኩ የጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ስቴትመንት፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የባንኩ ስምና አድራሻ፣ በጋራ የያዙት ከሆነም የሌላኛውን ባለሒሳብ ሙሉ ስም ይዘው ይምጡ። አገር ቤት ስቴትመንት ለማውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ወኪልዎን አሁኑኑ ይላኩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የታክስና የሒሳብ አገልግሎት ቢሮዎ