ሚጡ ሪያድ ልትሄድ ነው

ሰብልዬ፣ እንደምን አለሽ?

ዓመት ከመንፈቅ ጠፋሁብሽ። ለልጅሽ ክርስትና እንኳን አልደወልኩም። ይቅር በዪኝ፤ ስንገናኝ በደንብ ትቆጪኛለሽ። አሁንም ስትስቂ ጎረቤት ይሰማል?

የምጽፍልሽ በሚጡ ምክንያት ነው። ያቺው ፈንዲሻ ሰርቃን የምትሮጠው ሚጡ። በነርሲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት። ማመልከቻ ያላስገባችበት የለም። ሁሉም "ልምድ አምጪ" ይሏታል። ማን ቀጥሯት ታምጣ? አሁን ፓስፖርቷን ለደላላ ሰጥታለች። ሪያድ፣ ለቤት ሠራተኝነት።

እንቅልፍ ሲያሳጣኝ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መለኪያ አለ። እኛ አገር የሚወለድ ልጅ ጤናውና ትምህርቱ ሙሉ ቢሆንለት አድጎ ከሚሠራው 38 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሠራው ይላል። ሲንጋፖር 88፣ መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ 57። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሴቶቹ ይማራሉ፤ ሥራ ዓለም ውስጥ ያሉት ግን ከአምስት አንዷ ገደማ ናቸው። እኛ ጋ ሴቱ በማሳውም በጉሊቱም ሲሠራ ይውላል፤ የተማረችውን የሚፈልጋት ግን የለም። እንግዲህ የእነሱ ምሩቅ እቤት ትቀመጣለች፣ የእኛዋ ነርስ እዚያው ቤት ሳህን ታጥባለች። ሁለት ዲግሪ አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎ! ሳዑዲ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሴቶች ሥራ ገብተዋል፤ ይሁን፣ ለሚጡ ግን ምኗ ነው?

ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ነርስ አጣለሁ። ነርሷ እቤቴ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። አልዋጥልሽ አለኝ።

ጀርመን ነርስ አጥሯታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በውጭ የተገኘን ሙያ የሚመዝኑበት ሕግ አላቸው፤ የጎደለውን በኮርስ ወይም በፈተና ታሟያለሽ። አንቺ አልፈሽበታል። ጀርመንኛው ቢ2 የሚሉት የቋንቋ ደረጃ ድረስ ነው አይደል? ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ፣ ጀርመንኛ የሚያስተምሩበት፣ እንድትመዘገብ ብለምናት "እስከዚያ ማን ያበላኛል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እንዴት ብዬ እንደምልሽ... ገንዘብ አይደለም። እባክሽ ደውይላት። ወረቀቱን ከየት እንደጀመርሽ፣ ቋንቋው ስንት ጊዜ እንደፈጀብሽ፣ ያለቀስሽበትንም ጭምር ንገሪያት። እኔን አትሰማኝም። አንቺን ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማሻለች።

ደላላው ቪዛው በሦስት ሳምንት ይደርሳል ብሏታል። ማታ ማታ እቤት ናት። ስልኳ አልተቀየረም።

ያንቺው