አቤቱታ የሚቀበል መዝገብ ቤት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ውኃ ከጠፋ አምስት ወር ሲሞላ፣ አንድ ወጣት ጎረቤታችን በኢንተርኔት የፊርማ ማሰባሰቢያ ከፈተ። በአራት ቀን ውስጥ ከ1,400 በላይ ሰው ፈረመ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ስልኩን ይዘን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስንሄድ፣ ኃላፊው ዝርዝሩን በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው አዩትና «ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ የሕንፃው ነዋሪዎች ናቸው?» አሉን። ግማሹ ከዋሽንግተንና ከዱባይ የፈረመ ዘመድ ወዳጅ ነው። አንዱማ ስሙን «ባዶ ጀሪካን» ብሎ ነው የጻፈው። የምንለው ጠፋን።

ወደ ወረቀት ተመለስን። «እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች» ብለን ጀምረን፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ አስምረን፣ ሦስት እሑድ በር ለበር ዞርን። ያገኘነው 86 ፊርማ ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ሁለት ጎረቤቶች «ስሜ እዚያ ላይ ከታየ ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣብኛል» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። መጻፍ የማይችሉ አንዲት እናት ደግሞ፣ የማኅተም ቀለም አልያዝንም ነበርና፣ አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ አጥቁረን አሳረፉልን። መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ተቀብሎ በቀሪው ኮፒ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም መታ፤ ቁጥርና ቀንም ጻፈበት። በሰባተኛው ሳምንት ያንን ቁጥር የጠቀሰ መልስ ደረሰን። አሁን ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል።

ወረቀትን ለማወደስ አይደለም የምጽፈው። ወረቀትም ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ1848 ቻርቲስት የተባሉት የእንግሊዝ የለውጥ ታጋዮች ለሠራተኛው የመምረጥ መብት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስበናል ብለው ለፓርላማ ሲያቀርቡ፣ ጸሐፊዎቹ ቆጥረው ያገኙት ሁለት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከፈራሚዎቹ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ስምም ነበረበት!

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቱ ይቅር የሚል የኢንተርኔት አቤቱታ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቶ ውድቅ ሆኗል። ውድቅ የሆነው ግን መንግሥት በጽሑፍ መልሶለት፣ የምክር ቤት አባላትም ተከራክረውበት ነው። በፓርላማው ገጽ ላይ 10,000 ፊርማ የደረሰ አቤቱታ የመንግሥትን መልስ ያገኛል፤ 100,000 የደረሰው ለክርክር ይታያል። ፈራሚውም ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆኑን አረጋግጦ የፖስታ ኮዱን ያስገባል። እኛን አፋችንን ያስያዘን ጥያቄ እዚያ ገና ከበሩ ላይ ይመለሳል ማለት ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ የፋይዳ ቁጥርም እየያዝን ነው። ታዲያ መሥሪያ ቤቶቻችን በኢንተርኔት የመጣ አቤቱታን ነዋሪነትን አጣርተው ቢቀበሉና እንደ ወረቀቱ «ገቢ» ብለው ቁጥርና ቀን ቢሰጡት ምን ይከብዳል? የፈራሚዎቹ ስም ለአደባባይ እንዳይወጣ ማድረግም ይቻላል። ያኔ በሩን የዘጉብን ሁለቱ ጎረቤቶቼም ይፈርሙ ይሆናል።

የወጣቱ ማሰባሰቢያ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ትናንት ከፍቼ ሳየው ሁለት ሰው ጨምሯል።

አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ
ከአዲስ አበባ