የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ ሪኳየርን የተሰናበትንበት ዓመት

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበብ ምን ሠራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ፒኤችፒ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ የክላስ ፋይሎችን (ክላስ ማለት የአንድ ዓይነት ነገር ንድፍ የያዘ ኮድ ነው) ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ ማድረግ ተማርን። በቃ። የድራማ ክበቡ መድረክ ላይ ሲያስለቅሰን፣ ሚኒ ሚዲያው በጠዋት ሰልፍ ሲያስቀን፣ የአካባቢ ጥበቃዎቹ ችግኝ ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ፣ እኛ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ተቀምጠን ከውጭ ሲታይ ምንም የማይመስል ነገር ስንነካካ ነው የከረምነው። በወላጆች ቀን አንድ አባት ድረ ገጻችንን አገላብጠው አዩና «እና አዲሱ ነገር የቱ ነው?» አሉ። ልክ ናቸው፣ አዲሱ ነገር ገጹ ላይ አይታይም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ፕሮጀክቱ የፋሲል ግቢን የሚያስጎበኝ ድረ ገጽ ነበር። የጎንደር ተማሪ ድረ ገጽ ሥሩ ሲባል ወዲያው ፋሲል ግቢ ነው የሚለው፣ ይኼ የታወቀ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ይመቻል። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ፤ ውስጡ ያለው ደግሞ የአንድ ንጉሥ ሥራ ብቻ አይደለም። የፋሲለደስ ቤተ መንግሥት አለ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው፣ ሁሉም ግን ሕንጻ ነው። በኮድ ቋንቋ ሕንጻ የሚባል አንድ ወላጅ ክላስ ይኖራል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይወርሳሉ ማለት ነው። ልጆቹ በቡድን ተከፋፍለው አንድ አንድ ነገሥታት ያዙ። እያንዳንዱ ክላስ በየራሱ ፋይል።

ችግሩ እዚህ ጋ ጀመረ። እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የሚፈልገውን ፋይል በሪኳየር፣ ማለትም «ይህን ፋይል አምጣ» በሚለው ትእዛዝ፣ መጥራት አለበት። መጀመሪያ ሦስት መስመር ነበር፣ ከዚያ ሰባት፣ ገና ጥምቀት ሳይደርስ አናቱ ላይ ያለው ዝርዝር ከራሱ ከገጹ በላይ ረዘመ። ቅደም ተከተልም አለው፦ የኢያሱን ፋይል ከሕንጻው ፋይል በፊት ከጠራህ ወላጁ የለም ብሎ ይወድቃል። አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ከጠራህ ስሙ ተይዟል ይልሃል። ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወርክ ደግሞ መንገዱን በየገጹ እየዞርክ ማስተካከል ነው። ከሪኳየር ይልቅ ሪኳየር ዋንስ ስንጠቀም ሁለት ጊዜ የመጥራቱ ነገር ተፈታ፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው። አንዲት የአስረኛ ክፍል ልጅ ተናዳ «ቲቸር፣ ስሙን እያወቀው ለምን ራሱ ሄዶ አያመጣውም?» አለች። እኔ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ይኼ ነው። በሪኳየር ያስጀመርኳቸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳይማረሩ በፊት መፍትሔውን ብሰጣቸው ማንም አይሰማኝም ነበር።

ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኤችፒ የማያውቀው የክላስ ስም ሲያጋጥመው ወዲያው «ክላስ ኖት ፋውንድ» ብሎ አይሞትም። መጀመሪያ «ይህን ስም የሚያውቅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው አስቀድመን ያስመዘገብነውን ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ነው። ፈንክሽኑ የክላሱን ሙሉ ስም ይቀበላል፣ ስሙን ወደ ፋይል መንገድ ይቀይራል፣ ፋይሉ ካለ ይጠራዋል። ሰፈር ገብታችሁ የእገሌ ቤት የት ነው ስትሉ አድራሻ ሳይነግራችሁ እጃችሁን ይዞ በር ድረስ የሚያደርሳችሁን ልጅ አስቡት። እሱ ነው።

ራሱ ፈልጎ የማምጣቱ ሥራ አውቶሎድ፣ ማስመዝገቢያው ደግሞ ኤስፒኤል አውቶሎድ ሬጅስተር ይባላል። ከእሱ በፊት ሌላ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ፒኤችፒ 5 ሲወጣ ስሙ አውቶሎድ የሆነ፣ ከፊቱ ሁለት አንደርስኮር ያለው ፈንክሽን ይዞ መጣ። ጣጣው በአንድ ፕሮጀክት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከሌላ ሰው ያመጣኸው ላይብረሪም (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) የራሱን ካመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ። በኤስፒኤሉ ግን የፈለግከውን ያህል ታስመዘግባለህ፣ ፒኤችፒ በተራ ይጠይቃቸዋል፣ አንዱ ካመጣው ይቆማል። አሮጌው በ7.2 ላይ «ተዉት» ተባለ፣ በ8.0 ጭራሽ ተነሣ። ይህን ታሪክ የምጽፈው ለጌጥ አይደለም፤ ልጆቹ ከአሮጌ ቪዲዮ የሚቀዱት ኮድ ዛሬም ያንኑ ስለሆነና ለምን እንደማይሠራ ግራ ስለሚገባቸው ነው።

እኛ የጻፍነው ፈንክሽን አሥር መስመር አይሞላም። የኔምስፔሱን (ከክላሱ ስም ፊት እንደ ቤተሰብ ስም የሚገባው) ባክስላሽ ወደ ስላሽ ቀይር፣ ፊቱ ላይ የፎልደሩን ስም ጨምር፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ፒኤችፒ ቀጥል፣ ፋይሉ መኖሩን እይ፣ ካለ ጥራ። ከሌለ ዝም በል። ዝም ማለቱ ቁም ነገር ነው፤ እሱ ጮሆ ሥራውን ካቋረጠ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው ሌላ ፈንክሽን አይጠየቅም። መብራት የሄደ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የአንድ ክላስ ስም ከኮድ ተነሥቶ ፋይል እስኪደርስ እየተከተልን ሣልነው። እውነቱን ለመናገር በኮምፒውተር ካየነው ይልቅ የገባቸው ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዓመቱ ትልቅ ትርምስ። ፒኤችፒ የክላስ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲሆን ይፈቅዳል። ብዙ ሰው አያውቀውም። ክላስ፣ ፈንክሽን፣ ኒው የሚሉት ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ይቆያሉ፣ አንተ የምታወጣው ስም ግን ሕንጻ ሊሆን ይችላል፣ የፋይሉም ስም እንዲሁ። (ዊንዶውስ ላይ ይህ እንዲሆን ፒኤችፒው 7.1 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ነው የሚሻለው።) ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጮቤ ረገጡ። ሁሉንም ስም ወደ አማርኛ ገለበጡት። ከዚያ ግማሹ ገጽ ወደቀ።

ምክንያቱን ገምቱ። አንዱ ቡድን ሕንጻ ብሎ ፋይሉን ፈጥሯል፣ ሌላው ከህንጻ እወርሳለሁ ብሏል፣ ሦስተኛው ሕንፃ። ሕ፣ ህ፣ ኅ፤ ጻ፣ ፃ፤ ስታባዙት ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ነገር ነው፣ ስለዚህ የተጠየቀው ፋይል የለም ይላል። የበካፋና የምንትዋብ ቡድኖች በክላሳቸው ስም ምንም አልተቸገሩም፤ የሚያምታታ ፊደል የለበትማ። የዮሐንስ ቡድን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐ እና ሃ ሲያሳድድ ነው የሰነበተው። በመጨረሻ የአማርኛ መምህራችንን ላብ ድረስ ጠርተን አማከርናቸው። ከግዕዙ ሐነጸ የመጣ ስለሆነ በሐመሩ ሐ እና በጸሎቱ ጸ ነው አሉ። ውሳኔው ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ አዲስ ክላስ የሚፈጥር ሁሉ ስሙን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያስመዘግባል።

አንድ ቡድን ብቻ በእንግሊዝኛ ስም ቀጠለ። እነሱ ከፊደሉ ጣጣ አምልጠው ሌላ ውስጥ ገቡ። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ ነው፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ካፒታልና ስሞል አይለይም። ሥራቸውን ሊኑክስ ያለበት የላብ ኮምፒውተር ላይ ሲያመጡት ገጹ ባዶ ሆነ። ፋይሉ በስሞል ይጀምራል፣ ክላሱ በካፒታል። ፒኤችፒ ራሱ በክላስ ስም ላይ ይህን አይለይም፣ ሊኑክስ ግን በፋይል ስም ላይ ይለያል፣ አውቶሎዱ መሀል ላይ ተቀምጦ ከሁለቱ ጋር መስማማት አለበት። የግዕዝ ፊደል ካፒታል የሚባል ነገር ስለሌለው አማርኛዎቹ በዚህ በኩል ሲስቁባቸው ነበር።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁ፣ ነገ ከማያውቁት ሰው ጋር ለሚሠሩት ሥራ እንግሊዝኛ ይሻላል፣ ኪቦርድ እየቀያየሩ መጻፍም ያሰለቻል። ለመማር ግን አማርኛው በለጠብኝ። ስምና ፋይል አንድ መሆን አለባቸው ብዬ መቶ ጊዜ ብናገር የማይገባው ነገር በአንዲት ሐ ገባቸው።

ሌላ የተማርነው፦ አውቶሎዱ ሁልጊዜ አይነሣም። አዲስ ነገር በኒው ስትፈጥር፣ ስታቲክ ፈንክሽን ስትጠራ፣ ከሌላ ክላስ ስትወርስ ይነሣል። «ይህ ነገር የዚያ ክላስ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ኢንስታንስኦፍ ላይ ግን አይነሣም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ይህ ሕንጻ ከሆነ አሳየው» የሚል መስመር ጽፎ ሕንጻን በተሳሳተ ፊደል አስገባት። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ገጹ ላይም ምንም የለም። ፒኤችፒ ያንን ስም ፈልጎ ሳያመጣ «አይደለም» ብሎ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ ነበር።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ላይብረሪ ወደሚያወርደውና አውቶሎዱን ራሱ ወደሚጽፈው ኮምፖዘር ተሻገርን። ለምን ከመጀመሪያው በእሱ አልጀመርንም ያሉኝ ነበሩ። ኮምፖዘር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የፒኤችፒ ሰዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው፤ በእሱ ብንጀምር ግን አንድ መስመር ገልብጠው ሠራ ብለው ይሄዳሉ፣ ያልሠራ ቀን የት እንደሚያዩ አያውቁም። በፍላሽ አመጣነው፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ከውጭ የምታወርደው ላይብረሪ ከሌለ አውቶሎዱን የሚጽፈው ዱምፕ አውቶሎድ የሚለው ትእዛዝ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለእኛ ላብ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የኮምፖዘር ማዋቀሪያ የሆነው የጄሰን ፋይል ውስጥ ጎንደር የሚለው ኔምስፔስ የትኛው ፎልደር እንደሆነ ትነግረዋለህ። ይህ አሠራር ፒኤስአር 4 የሚባለው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጋራ ደንብ ነው። ከቅድመ ስሙ (ከጎንደር) በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ፎልደርና ፋይል ይነበባል። ባክስላሹ ጄሰን ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፣ አንዱን ብቻ ብታደርግ ቀጥሎ ያለውን ጥቅስ ይበላዋል። ሁሉም ቡድን እዚህ ላይ ወድቋል፣ ያልወደቀ የለም።

ከዚያ ኮምፖዘር የፈጠረውን ቬንደር የሚባል ፎልደር ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ፋይል ከፋይል እየተከታተሉ ሄደው ክላስሎደር የሚለው ውስጥ ኤስፒኤል አውቶሎድ ሬጅስተርን አገኙት። «ይኼ እኮ የእኛው ነው!» የሚለው ጩኸት ጎረቤት የባዮሎጂ ክፍል ድረስ ተሰምቷል፣ ይቅርታ ጠይቀናል።

ለቀጣዩ ዓመት የቀረን አለ። አውቶሎድ ለክላስ እንጂ ለብቻው ለቆመ ፈንክሽን አይሠራም። የዓመተ ምሕረት መቀየሪያ ፈንክሽኖቻችን ዛሬም በጄሰኑ ፋይልስ የሚለው ክፍል ስር ተዘርዝረው፣ ይፈለጉም አይፈለጉም፣ እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት ይጫናሉ። ክላስ ውስጥ እንክተታቸው የሚሉ አሉ፣ ጥቂት ናቸው ይቆዩ የሚሉ አሉ። እኔ ይቆዩ ባይ ነኝ፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን መስከረም ላይ ነው። ምዝገባ ላብ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ከአዘዞ የምትመጡ ልጆች ታክሲ እንዳያመልጣችሁ ሰዓቱን ቀደም አድርገነዋል። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ የክበቡ ፍላሽ ጠፍቷል።