ማኘክም ቁንጅና ሆነ?

ለአዘጋጁ፦

የእህቴ ልጅ 20 ዓመቷ ነው። የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ፊት ስለወጣ የፊት ጥርሶቿ አይገጥሙም። ዳቦ መግመጥ አትችልም፤ በጣቷ እየቆረሰች ወደ ጎን ጥርሷ ትከታለች። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲዞር "ጠግቤያለሁ" ትላለች። ውሸቷን ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳን መጀመሪያ ጥርሷ በሽቦ ይስተካከላል። ይሄ ብቻ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ቦታውን ሲይዝ በትንንሽ ብረትና ብሎን ይታሰራል።

የጤና መድን መታወቂያችንን ይዘን ስንጠይቅ ግን፣ የሐኪሙ ወረቀት እንኳ ሳይነበብ "ይሄ የቁንጅና ነው፣ አይሸፈንም" ተባልን። መድኑ ለውበት የሚደረግ ሕክምና አለመሸፈኑን አልቃወምም። ከገበሬ መዋጮ አፍንጫ ይስተካከል ያለ የለም፤ እሱማ ነውር ነው። የልጅቷ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

እንዴት ታኝካለች? ስትናገር ቃሏ በግልጽ ይሰማል ወይ? ስትተኛ ትንፋሿ ይቆራረጣል? ይሄን ሐኪም አይቶ ይወስን እንጂ መስኮት ላይ መልኳ ታይቶ አይፈረድባት። እምቢ ከተባልንም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን፤ አቤት የምንልበት ወረቀት እንኳ በእጃችን የለም።

አክስቷ ነኝ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር